በወርቅ ለተለበጠው የፕላዝማ ገመድ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ደገፉ፣
የትምህርት ቴክኖሎጂ ጥራት ማስጠበቂያ ፕሮጀክት አስተባባሪ፣
ወላይታ ሶዶ

ጥቅምት 2004 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ባልደረቦችም በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ለጉሮሮዎ ጤና አብዝቼ እጸልያለሁ፤ በዚህች ከተማ ያለ ዕረፍት ስለ ጥራት የሚናገርልን ሌላ ጉሮሮ የለንምና።

ምናልባት ከዘነጉኝ፣ ወለተጊዮርጊስ ሐብተማርያም እባላለሁ። ገበያው ዳር አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ በከፈተው ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። ልጄ ናርዶስ ዐሥረኛ ክፍል ስለነበረች ባለፈው ዓመት የወላጅ ኮሚቴ አባል ሆኜ ተመርጬ ነበር። እርስዎ በጉባኤ ፊት “እኚህ እናት የግንዛቤ እጥረት አለባቸው” ብለው የመሰከሩልኝ ሴት ነኝ። አሁን ትዝ ያልኩዎት ይመስለኛል።

ለመጻፍ የተነሣሁት “የመጀመሪያው ዙር ገመድ በምስል ጥራት ላይ አመርቂ ውጤት ስላስገኘ ወላጆች ለሁለተኛው ዙር ግዢ መዋጮ እንድታደርጉ” የሚለው ጥሪዎ ስለ ደረሰኝ ነው። ጥሪው የደረሰን የወላይታ ዘመን መለወጫ የጊፋታ በዓል ካለፈ በኋላ፣ ሁሉም ሰው ኪሱን አራግፎ በተቀመጠበት ሰሞን መሆኑ ምን ያህል እንደሚያስቡልን ያሳያል። ክቡር ሆይ፣ መዋጮውን አልከፍልም። በደረቁ አልከፍልም ማለት ግን ለእርስዎ ዓይነት ሰው አይገባምና፣ ምክንያቴን ሪፖርት ሲቀርብልዎ በሚወዱት አኳኋን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ። በአደባባይ ማቅረቤን ይቅር ይበሉኝ፤ ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት።

አንደኛ፤ ስለ ገመዱ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጽ። በትምህርት ቤታችን በየክፍሉ በብረት ሣጥን ተቆልፎ የተቀመጠ ፕላዝማ የሚባል ሰፊ ቴሌቪዥን አለ። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይላካል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ዲሽ ይቀበለዋል፤ ከዲሹ ወደ አንዲት ትንሽ ሪሲቨር ይገባል፤ ከሪሲቨሯ ወደ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ርዝመቱ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ገመድ ይሻገራል። ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው በዚያ አንድ ክንድ ገመድ ነው።

ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ምስሉ ይቆራረጥ ጀመር። ከዳሞታ ተራራ ደመና በወረደ ቁጥር ፕላዝማው ውስጥ የምታስተምረዋ ሴት ፊቷ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይበታተናል፤ ድምፅዋም ስቅታ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። አቤቱታ አቀረብን። እርስዎም ወዲያውኑ መጥተው፣ እጆችዎን ወደ ኋላ አጣምረው ከፕላዝማው ፊት ትንሽ ከቆሙ በኋላ “ችግሩ ገመዱ ነው” አሉ። ከዕቃው ጋር የመጣው ቀጭን ገመድ ተራ ስለሆነ፣ ጫፉ በወርቅ የተለበጠ ወፍራም ገመድ ከአዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት አስረዱን። የአንዱ ገመድ ዋጋ ለአንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ የሒሳብ መጽሐፍ ይገዛ ነበር። አዋጣን። ገመዱ በከፋይ ጨርቅ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ መጣ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ እርስዎም ንግግር አደረጉ። ሣጥኑ በእውነት ያምር ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ነኝና ጥሩ መጠቅለያ ሳይ አውቃለሁ።

በሳምንቱ ደመና ወረደ፤ የሴትዮዋም ፊት እንደ ቀድሞው ተበታተነ። በወርቅ በኩል ስላለፈ ብቻ አንድም አራት ማዕዘን አልቀነሰም።

ሁለተኛ፤ ስለ መምህር ኤልሳዕ ባዳቾ፣ ስላስተማረንም ትምህርት።

መምህር ኤልሳዕ የልጆቻችን የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ክርኑ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው፣ ፈጠን ፈጠን ብሎ የሚራመድ ቀጭን ሰው ነው። ተማሪ ሲሳሳት “ተሳስተሃል” አይልም፤ “እስቲ እዚህ እንዴት እንደደረስክ አሳየኝ” ይላል። ከፕላዝማው ትምህርት በፊትና በኋላ የተሰጡትን ጥቂት ደቂቃዎች እንደ ማር ቆጥቦ ይጠቀምባቸው ነበር። ባለቤቱ ጥሩነሽ እዚሁ ሶዶ ነርስ ናት፤ ያኔ ጥርስ የምታበቅል ሕፃን ልጅ ነበረቻቸው።

ወርቃማው ገመድ ከተሰካ በኋላም ምስሉ ሲበታተን፣ ነገሩ በተነሣበት ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። “ክቡር ሰብሳቢ፣ ዲሹ ዘሟል። የቆመበት ብረት ብሎኑ ላልቷል። ዝናብና ነፋስ ሲመጣ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። ገመዱ ግን ምንም አልሆነም” አለ።

እርስዎም በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ “መምህር፣ መንግሥት ጥራት ሲያመጣ ርካሹ ይሻላል የሚል አስተማሪ ለማን ነው የሚያስተምረው?” ሲሉ ጠየቁት።

“ይሻላል አላልኩም። ያው ነው ነው የምለው። ከፈለጉ እናወዳድር” አለ።

እርስዎም ተስማሙ። ለዚህ ቅንነትዎ ዛሬም አመሰግንዎታለሁ፤ ባይስማሙ ኖሮ ይህን ሁሉ አላይም ነበር። ሰማዩ በጠራ አንድ ጠዋት፣ ርእሰ መምህሩ ባሉበት፣ በዐሥረኛ ሀ እና በዐሥረኛ ለ ፕላዝማዎች ላይ በአንዱ ወርቃማው፣ በሌላው መምህር ኤልሳዕ ከገበያ ያመጣው ተራ ገመድ ተሰካ። የትኛው የት እንዳለ ሳይነገረን የብረት ሣጥኖቹ ተቆለፉ። ሁለቱም ክፍል አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ጊዜ ነበር የሚተላለፈው። እርስዎ፣ ከቢሮዎ የመጡ ሁለት ባልደረቦችዎና እኔ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተመላለስን አየን።

ተራው ሲደርሰኝ “ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው” አልኩ። ያን ጊዜ ነው ስለ ግንዛቤዬ ከላይ የጠቀስኩትን የተናገሩት። ከዚያም ወደ ዐሥረኛ ሀ እየጠቆሙ “ወገኖቼ፣ ቀለሙን እዩት፤ ይናገራል እኮ። እዚያኛው ክፍል የደበዘዘው ጥቁር እዚህ ጥቁር ነው። ጥራት ማለት ይኼ ነው” አሉ። ባልደረቦችዎም ቀለሙ ሲናገር መስማታቸውን አረጋገጡ።

ርእሰ መምህሩ የዐሥረኛ ሀን ሣጥን ከፈቱ። የተሰካው ተራው ገመድ ነበር።

መምህር ኤልሳዕ አልሳቀም፤ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል። አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ከልጆቹ አንዱ ሳል መሰል ነገር አሰማ። እርስዎ ግን በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚንበረከኩ ሰው አይደሉምና “አዲስ ገመድ እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል፤ ጥራቱ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው” ብለው ወጡ። እኔ በዕድሜዬ በአጠባ የሚለሰልስ ጨርቅ አይቻለሁ። ትምህርት ቤት ገብቶ የሚለምድ ሽቦ ያሳወቁን ግን እርስዎ ነዎትና ምስጋናዬ ይድረስዎት።

ሦስተኛ፤ ስለ ግምገማው።

ብዙም ሳይቆይ መምህራን ለግምገማ ተጠሩ። በስብሰባው እንዳልነበርኩ አልሸሽግም። ነገር ግን በእርስዎ ድጋፍ በተጻፈው ደብዳቤ ላይ መምህር ኤልሳዕ “የጥራት ሥራን በማጣጣል የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ ያሳየ” መባሉን ጥሩነሽ ሱቄ መጥታ አሳይታኛለች። ተከራይቶ ከሚኖርባት አንዲት ክፍል በቀር ከኪራይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሆኖም ዝንባሌው ከባድ ስለነበረ ራቅ ካለችው ከቤሌ ከተማ አልፎ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረ።

ጥሩነሽ ያን ቀን የመጣችው ለሕፃኗ መታቀፊያ የሚሆን ወፈር ያለ ጨርቅ ለመግዛት ነበር። “አብረሽው ትሄጃለሽ?” አልኳት።

“እኔን ማን ያዛውረኛል፣ እትዬ? እኔ ምንም አላጠፋሁም” አለች። ነገሩ እንደ ቀልድ ነበር የወጣት፤ ቀና ስል ግን ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ ስታለቅስ አየኋት። ልጅቷ መራመድ የጀመረችው አባቷ በሌለበት ነው። ክቡርነትዎ የልጅ አባት ስለሆኑ ይህን ከእኔ በተሻለ ይረዱታል።

አራተኛ፤ ሒሳብ ያለ ሒሳብ አስተማሪ ስለ መሰጠቱ።

በመምህር ኤልሳዕ ቦታ የተተካ ሰው አልነበረም። “ፕላዝማው አለ” ተባለ። አለ፤ እውነት ነው። ልጆቹ ብቻቸውን ከሣጥኑ ፊት ይቀመጣሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፉ ገልብጠው ሳይጨርሱ ይጠፋል።

ከልጄ ጋር አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሜላት የምትባል የሁምቦ ገጠር ልጅ ነበረች። ዘጠነኛ ክፍልን ከክፍሏ አንደኛ ሆና ነው የጨረሰችው። እዚህ ከተማ ከሁለት ልጆች ጋር ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ከናርዶስ ጋር ሲያጠኑ፣ ሒሳቡ እንዴት እየሄደ እንደሆነ ጠየቅኳት።

“ሴትዮዋ ጥያቄ ትጠይቃለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ከዚያ ‘ጎበዞች’ ትለናለች” አለችኝ።

“ማን መልሶላት ነው?”

“ማንም።”

ልጆቹ እንዲህ ሲሆኑ መምህር ኤልሳዕ ሰማ። ሳይጠራ፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤሌ በአውቶቡስ እየመጣ፣ ቤተሰቡ በሚያመልክበት የጸሎት ቤት አዳራሽ ውስጥ ያስተምራቸው ጀመር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በዚያ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ጥቁር በተቀባ ኮምፔንሳቶ ላይ ሲጽፍ፣ ልጆቹ ሲጠይቁት፣ እሱም ቆም ብሎ ሲጠብቃቸው አየሁ። የሚጠብቅ አስተማሪ ማየት ናፍቆኝ ኖሯል።

ይህም ከጥራት ዓይንዎ አልተሰወረም። “ያልተፈቀደ ትምህርት” የሚል ማስጠንቀቂያ ለአዳራሹ ሽማግሌዎች ደረሳቸው። ሽማግሌዎቹ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን የቦታ ጉዳያቸው ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ስለነበረ ፈሩ፤ አዳራሹ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ እሑድ ከሰዓት፣ ሱቄ በሚዘጋበት ጊዜ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈን አስተማረ። ጥቁር የሱሪ ጨርቅ ከጣቃው ዘርግቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩለት፤ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ጻፈበት። ይህን በራሴ ላይ እየመሰከርኩ መሆኑን አውቃለሁ። ጨርቁም በሱቄ አለ፤ ለማስረጃ ከፈለጉት ይውሰዱት።

ሱቄ ግን ጠባብ ነው። ከአዳራሹ ልጆች ሲሶው እንኳ አልገባም። ቦታ ያጡት ደጃፉ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ሰው እንዳያያቸው ስንፈራ እነሱንም መለስናቸው።

ሜላት አንድም ቀን አልመጣችም። ስንፍና አይደለም። ዓርብ ማታ ወደ ሁምቦ ትሄዳለች፤ የሳምንት በቆሎ ዱቄቷን ተሸክማ እሑድ ሲመሽ ትመለሳለች። ካልሄደች ሰኞ የምትበላው የላትም። ለእሷ ሒሳብ የሚባል ነገር ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከዚያ ሣጥን ፊት ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን እተወዋለሁ፤ የሚቀረው በቁጥር የሚጻፍ አይደለም።

የዐሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ ሱቄ ውስጥ ከተማሩት ልጆች አብዛኞቹ አለፉ፤ ልጄም አልፋለች። ሜላት በሌላው ትምህርት ሁሉ ደህና ነጥብ አምጥታ ሒሳብ ጣላት። ክፍሏን ለቅቃ ወደ ሁምቦ በምትመለስበት ቀን ልትሰናበተኝ መጣች። ዕቃዋን በአንድ ጆንያ አድርጋ በሩ ላይ አስቀምጣዋለች። ናርዶስ ልታቅፋት ስትል አልቻለችም፤ ወደ ጓዳ ገባች። በሚመጣው ዓመት ደግማ እንድትፈተን ነገርኳት።

“አባቴ አይችልም፣ እትዬ። የገመዱንም መዋጮ የከፈለው ፍየላችንን ሸጦ ነው” አለች።

ያለ ቁጣ ነው የተናገረችው። ቁጣው የእኔ ነው፤ ይኸው ለእርስዎ ልኬዋለሁ።

አሁን ደግሞ “አመርቂ ውጤት” ወዳሉት ልመለስ። በእርግጥ ከመስከረም ጀምሮ በትምህርት ቤታችን ምስሉ ጠርቷል፤ ሐሰት አልናገርም። በሪፖርትዎ ላይ ይህ የወርቃማው ገመድ ፍሬ እንደሆነ ጽፈዋል፤ ሁለተኛውን ዙር የሚጠይቁንም በዚሁ ነው። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። መምህር ኤልሳዕ ክረምት ላይ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመጣ ርእሰ መምህሩን አስፈቅዶ ጣሪያ ላይ ወጣ። ርእሰ መምህሩ መሰላሉን ያዙ። እኔ የናርዶስን ካርድ ልወስድ ሄጄ ነበርና ከታች ሆኜ ብሎንና መፍቻ አቀበልኩ። ያጋደለውን ብረት አቃና፣ የላላውን አጠበቀ፣ ዲሹን ትንሽ ወደ ምሥራቅ መለሰ። ክፍል ገብተን ፕላዝማውን ስንከፍት ውጭ ዶፍ ይወርድ ነበር፤ ምስሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከጣሪያው ሲወርድ ተናድጄ “ላባረሩህ ሰዎች ነው እንዲህ የምትለፋው?” አልኩት።

እጁን በመሐረብ እየጠረገ “ልጆቹ ናቸው የሚያዩት” አለ። በማግስቱ ወደ ቤሌ ተመለሰ። እስካሁንም እዚያው ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የከፈልነውን አይመልሱልን፤ ይቅርታ ይጠይቁንም አልልም፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ስብሰባ መጥራት ግድ ይሆንብዎታልና አላደክምዎትም። መምህር ኤልሳዕን ግን ወደ ክፍሉ ይመልሱልን። እስኪመለስ ድረስ ለገመድ፣ ለሣጥን፣ ለሪባንም ሆነ ለሌላ የሚያብረቀርቅ ነገር ከእኔ ቤት አንዲት ሳንቲም አይወጣም። ሌሎችም ወላጆች እንዳይከፍሉ ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ እየነገርኩ ነው። ይህን ከሌላ ሰው ሰምተው እንዳይከፋዎት ራሴ አስቀድሜ ነገርኩዎት።

ለዚህ ድፍረቴ የሚጻፍልኝን ማስጠንቀቂያ በአክብሮት ለመቀበል ሱቄ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት መሆኑን እየገለጽኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከዚያም በላይ የሚያርፉበት ሰፊ ጊዜ በቶሎ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከማይለወጥ ትሕትና ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የእርስዎው፣
ወለተጊዮርጊስ ሐብተማርያም
ጨርቅ ነጋዴና የናርዶስ እናት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከሱቄ ቀጥሎ የቴሌቪዥን ዕቃ የሚሸጠው ገብረሥላሴ፣ ባለፈው ዓመት ለመኖሪያ ቤትዎ ቴሌቪዥን የገዙ ዕለት የሆነውን አጫውቶኛል። ስሙን እንድጽፍ የፈቀደልኝ ሱቁን ዘግቶ ወደ ሐዋሳ ስለሚሄድ ነው። ጫፉ በወርቅ የተለበጠውን ገመድ ሲያሳይዎ አገላብጠው አይተው “ለቤት ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል? ተራውን ስጠኝ” አሉት፤ የተራውንም ዋጋ ተከራክረው አስቀነሱ። በሌላ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቶዎት ምስሉ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቅዎ “ጥርት ያለ ነው፣ ምንም አይወጣለትም” አሉት። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ እስከ ዛሬ ከተናገሩት ሁሉ ያመንኩዎት ይህቺን ብቻ ነው።